ከባሕሩ ሳጥን ጀርባ የነበረው ክፍል

«ዛሬ እዚያ አትተኚ።» ሦስት ቃል ናት። አንድን ሰው እነዚህን ሦስት ቃላት ከአፉ እንዳያወጣ የሚከለክለው ምንድን ነው? ገንዘብ ይሆናል አልኩ፤ መናገሩ ምንም አያስወጣውም ነበር። ፍርሃት ይሆናል አልኩ፤ በገዛ ቤቱ የሚፈራው ሰው አልነበረም። ረስቶት ይሆናል እንዳልል ደግሞ፣ ዓሣዎቹን መመገቤን አንድ ቀን ሳይረሳ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር። ዛሬ ሥራ አቁሜ፣ ፍኖተ ሰላም ከእህቴ ግቢ ተቀምጬ፣ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ገጹን ሳልገልጥ የምቆየው ይህን ሳስብ ነው። ያለኝ ንዴት ብቻ ነው። እሱም በወጉ ካልተጻፈ ለማንም አይረባም ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚሉኝ፣ «ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ በመጨረሻው ቡሬ ላይ ኮራል አሳዳጊ ሆንኩ» እላለሁ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይረዳዋል። ሁለተኛውን ስናገር ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ኮራል በሞቃት ባሕር ውስጥ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። አበባ ይመስላል እንጂ አበባ አይደለም፤ ይበላል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይታመማል። ለስላሳ የሚባለው ዓይነት ገላው እንደ ድንጋይ አይጠነክርም፤ ውኃው ሲያወዛውዘው ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሣል። ይህን እንስሳ በቆሎና በርበሬ በሚጫንበት ከተማ መካከል፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በሕይወት አቆይቼዋለሁ። አልኮራበትም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ በማታው ክፍል ፊደል እቆጥር ነበር። ቀን ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በጋሼ ፈንታሁን ፎቶ ቤት ወለል እጠርጋለሁ። ጋሼ ፈንታሁን አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የፎቶ ወረቀት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቆሜ ሳነብ አገኙኝ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ብርሃን እንዳያገኘው ይላል።»

«እንግዲያው መጥረጊያውን ለሌላ ስጪና ግቢ» ብለው ፎቶ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ከዚያ ክፍል ለብዙ ዓመት አልወጣሁም ማለት ይቻላል።

የሳቸው ልማዶች እስካሁን እጄ ላይ አሉ። የማጠቢያውን ውኃ ሙቀት በጣታቸው አይለኩም፤ እናት የሕፃን ወተት እንደምትለካ በእጃቸው አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ነው። ከገንዳ የወጣ ፎቶ ላይ አስተያየት አይሰጡም። «እርጥብ ነገር ያቆነጃል፣ ያጠቁራልም። እስኪደርቅ ዝም በይ» ይሉኛል፤ ደንበኛ ቢቆጣ፣ ሙሽራ ብትቸኩል ዝም ነው። የተበላሸ ዕቃም ለምን እንደተበላሸ ሳያውቁ አይጥሉም። ጠረጴዛቸው ሥር አንድ ሣጥን ሙሉ የሞተ ዕቃ ነበር። ከዚያ እያወጡ ያስተምሩኛል። «ይቺን የባትሪ ጫፍ እያት፤ አረንጓዴ ሆናለች። ጨውና እርጥበት ነው የበላት። ይቺኛዋ ደግሞ ጠቁራለች። የበላት ሌላ ነው። መዳብ አይዋሽም፣ በምን እንደተጎዳ ቀለሙ ይናገራል።» ያን ጊዜ ሽማግሌ ጨዋታ ይወዳል ብዬ አልፌዋለሁ።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ጨለማ ክፍሉ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ጋሼ ፈንታሁን ታመው በተኙበት የዚያን ክፍል መብራት ብርቱካናማ መስታወት በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ምን ላደርገው ነው ጋሼ?» ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ አትስበሪው» አሉኝ።

ከሳቸው በኋላ ለመታወቂያ ፎቶ ገጠር ለገጠር ዞርኩ። ፈረስ ቤት ገበያ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ገበሬ አስቀምጣለሁ። አንድ አዛውንት ፈረሳቸው አብራቸው ካልተነሣች አልነሣም ብለው ሰልፉን ሁሉ አቆሙብኝ። «አባባ፣ መታወቂያው የርስዎ ነው እኮ» ብላቸው፣ «በዚህ አገር እኔን የሚያውቀኝ በሷ ነው» አሉ። ለብቻ አንድ፣ ከፈረሷ ጋር አንድ አነሣኋቸው። ግሽ ዓባይ ላይ ለበዓል የሚመጣውን ምእመን አነሣሁ። ከዚያ አንድ የሠርግ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ የሙሽሮችን ፊት በኮምፒውተር አንጪ ይለኝ ነበር። «የሰዉ መልክ ይሄ ነው» አልኩት። «ደንበኛው ነጭ ነው የሚፈልገው» አለኝ። በሳምንቱ ለቅቄ ወጣሁ። ደመወዙ ደህና ነበር።

አሁን ወደ አቶ ሙላት ልምጣ። አቶ ሙላት የቡሬ እህል ነጋዴ ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ለጭነት ሥራ ጅቡቲ ሲመላለስ አንድ ሰው ቤት የኮራል ሳጥን አይቶ ልቡ ተሰረቀ። ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥቶ በሳሎኑ አስተከለ። ኮራሎቹ ከጥቂት ዓሣዎች ጋር ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ሆነው በአውሮፕላን መጡ። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርም ተገዛ። አንድ ነገር ብቻ አልጣመውም፤ አየር የሚነፋው ፓምፕ ድምፅ። «እንግዳ ሲመጣ እንደ ወፍጮ ይጮህብኛል» አለ። ባለሙያው ግድግዳውን በስቶ ፓምፑን ከሳሎኑ ጀርባ ካለው ጓዳ አስቀመጠው፤ ከዚያ አየሩን እየሳበ በቀጭን ቱቦ ወደ ውኃው ይልካል። ከጓዳው ቀጥሎ፣ በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ተለይታ፣ የቤት ሠራተኛዋ የእናኑ መኝታ ነበረች። ይህን አቀማመጥ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሳሎን፣ ጓዳ፣ እናኑ።

እኔን መጀመሪያ የጠራኝ ፎቶ እንዳነሣለት ነው። የኮራል መብራት ሰማያዊ ነው፤ ሲበራ በዓይን የሚታየው ጉድ ነው። አረንጓዴው ከውስጡ ይነድዳል፣ ብርቱካኑ እንደ ፍም ይሆናል። ካሜራ ግን ሰማያዊውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ያነሣሁት ሁሉ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ መሰለ። ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ዕቃዬን ስበረብር የጋሼ ፈንታሁን መስታወት እጄ ገባ። በማግስቱ ሌንሱ ፊት ደቅኜ አነሣሁ። ሰማያዊው ተገፍቶ ሄደ፤ ቀለሞቹ ዓይን እንደሚያያቸው ሆነው ወጡ። ሳጥኑ ፊት ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አስተማማኝ አልሆን ሲል የአዲስ አበባው ባለሙያ መምጣት አቆመ፤ አሳዳጊዋም አንሺዋም እኔ ሆንኩ። ጨዉን ከልዩ ጆንያው እየሰፈርኩ እበጠብጣለሁ፤ በምትንሳፈፍ የመስታወት መለኪያ እለካለሁ። አቶ ሙላት አንድ ጊዜ ጆንያው ሲያልቅ «ጨው ጨው ነው፣ ከሱቅ ለምን አናመጣም?» አለኝ። «እርስዎ ባሕር ነው የገዙት፣ እኔ ሾርባ አላደርገውም» አልኩት፤ ሳቀ። ያን ጊዜ ይስቅ ነበር። ፎቶ ሳነሣ ውኃውን የሚያናውጠውን ሞተር ለጥቂት አጠፋለሁ፣ መጋረጃ እዘጋለሁ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ትንሽ ከተዛነፉ ቀለሙ ይሰነጠቃል። የራሴ ጥላ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ ጥቁር ነጠላ እከናነባለሁ። ጎረቤት በመስኮት እያየ «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተባት?» ይላል። ፎቶዎቹን አቶ ሙላት እኔ ነኝ ያነሣሁት እያለ ለወዳጆቹ በቴሌግራም ይልካል። ይህን አውቃለሁ፤ ያን ያህል አላናደደኝም።

እናኑ የሽንዲ ልጅ ናት። ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ ወፍራም ሳቅ ያላት፣ ሥራ የማያደክማት። መጀመሪያ ሳጥኑን ትፈራው ነበር፤ ኋላ ለኮራሎቹ ስም ያወጣነው አብረን ነው። ሰፊውን ጃንጥላ አልነው። ክብ ክብ ሆነው ድንጋዩን የሸፈኑትን ቁልፎቹ። አንዷ ግን ጣቶቿን ቀኑን ሙሉ እንደ እጅ ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች፤ እሷን እናኑ ጨባጭ አለቻት። ጧት መጋረጃ ስትገልጥ «ጨባጭ፣ እንደምን አደርሽ?» ትላታለች።

«እታለም» አለችኝ አንድ ቀን በዐቢይ ጾም፣ የሽሪምፕ ዱቄት በጥብጬ ስመግባቸው፣ «እኛ ሽሮ እየበላን እነዚህ ሥጋ ያስቆርጡታል?»

«አልተጠመቁማ።»

«ኧረ ውኃ ውስጥ እየኖሩ» አለችና ሳጥኑን በጨርቋ እየወለወለች ሳቀች።

ቁልፎቹን በባዶ እጅ እንዳትነካ አስጠንቅቄያት ነበር። አንዳንዱ ዓይነታቸው ብርቱ መርዝ አለው፤ እኔም ጓንት ሳላጠልቅ አልነካቸውም። ይህችም ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

በዚያ ዓመት መንገድ ሲዘጋ እህል መውጫ አጣ። የአቶ ሙላት መጋዘን ሞልቶ የተረፈው በቆሎ ከሳሎኑ ጀርባ ያለው ጓዳ ውስጥ ተደረደረ። አንድ ጧት የጓዳው በር ተቆልፎ፣ ሥሩ በላስቲክ ተወትፎ አየሁ።

«ፓምፑን መጥረግ አለብኝ» አልኩት።

«ጓዳው ተቆልፏል። የምትፈልጊው ነገር ሲኖር ለእኔ ንገሪኝ።»

ሌባ ፈርቶ ነው ብዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጃንጥላ ተዘጋ። አልደነገጥኩም፤ እሱ በየጊዜው ስስ ቆዳ ስለሚገፍፍ፣ ሲገፍፍ ደግሞ የሞተ ስለሚመስል፣ የማያውቅ ሰው ነው የሚደነግጠው። እስኪደርቅ ዝም በይ፤ ዝም አልኩ። በማግስቱ ቁልፎቹ ተዘጉ። ከዚያ ጨባጭ እጇን መጨበጥ ተወች፤ ጣቶቿ ተንጠልጥለው ቀሩ። ጨዉን ለካሁ፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። ውኃ ቀየርኩ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አየር አነሳቸው ብዬ ቱቦው ላይ ያለችውን መክፈቻ እስከ መጨረሻዋ ከፈትኩ። ማንኛውም አሳዳጊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፍጥረት ሲታፈን አየር ትሰጠዋለህ።

አቶ ሙላት ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«አልበቃቸውም። ሁለተኛ ፓምፕ እንጨምር» አልኩት። «ጓዳውን ይክፈቱልኝ።»

«አምጪው፣ እኔ አስገባዋለሁ።»

ጋቢውን አፍንጫው ላይ አጣጥፎ ገባ። ሲወጣ በሩን ፈጥኖ ዘጋ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው?» አልኩት።

«የበቆሎ አቧራ ነው።»

ሁለተኛው ፓምፕ መንፋት ጀመረ፤ ሳጥኑ በአረፋ ተሞላ። በማግስቱ ያ ሁሉ ቀለም ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ከድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ አገኘሁት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ውድቀት አላየሁም። የቻልኩትን ሁሉ ባደረግሁ ቁጥር ይብስ ነበር።

እናኑ በነዚያ ቀናት ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያስመልሰኛል ስትል ነበር። ደረቷን ትይዛለች። ቤቱ «ጨጓራ ነው» አላት። እኔም ጎመን ሲበዛ ነው ብዬ ቀልጄባታለሁ። ኮራሎቹ በሞቱበት ጧት ሳጥኑን ስትወለውል እዚያው ፊት ለፊቱ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እዚያ ያሉት የተነገራቸውን ይዘው ለጨጓራ አከሟት፤ ስለ ጓዳው የነገራቸው የለማ።

ቡሬ በአንድ ቀን ወሬው ተዳረሰ። ባሕሩ መታት። ውኃው ውስጥ ያለው ነገር ሰው ሽቶ ነው፤ ሲያጣ አበባዎቹን በላ። ያቺ በጥቁር ተከናንባ የምትመግበው ሴት ናት ያመጣችው። በረኛው ሳይቀር ሰላምታዬን እየሰማ ፊቱን ያዞር ጀመር። እኔስ ምን ልበል? የባሕር ጋኔን አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ሳጥኑ አልጎዳትም ብዬ መማል አልቻልኩም። ምናልባት ቁልፎቹን በባዶ እጇ ነክታ ይሆናል፤ ምናልባት እኔ የማሳድገው ነገር ነው ያጠቃት። ያላረጋገጥኩትን አልናገርም፤ ያላረጋገጥኩትን ደግሞ ሌት ተቀን ተሸክሜ እዞራለሁ።

አቶ ሙላት ጠራኝ። «እጅሽ አልበጀም» አለኝ። «ያን ሁሉ ሀብት አፈር አደረግሽው።» እናኑን ከአንድ ኩንታል በቆሎ ጋር በመኪናው ሽንዲ ላካት። እኔን ሳጥኑን አጥበሽ ውጪ አለኝ። ፓምፖቹ ከጓዳው ወጥተው ደጅ ተጥለው ነበር፤ ሁለቱም አይሠሩም። «ጣያቸው» አለ። አንዱን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደተበላሸ አላወቅሁማ።

በዚያው ሥራ አቆምኩ። ዓይኔም ደክሞ ነበር፤ ስሜም ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሚያስነሣ አልነበረም። ፓምፑን ፍኖተ ሰላም ላይ ፈታትቼ አየሁት። የመዳቡ ሽቦ ጥቁር ነው። የሶኬቱ እግር ጥቁር ነው። ጨው ቢበላው አረንጓዴ ይሆን ነበር። ይህ የጨው ሥራ አይደለም። የምን ሥራ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

አንድ ዓመት አልፎ ሌላው ሲጋመስ፣ ከወረዳው ግብርና አንዲት ወጣት ባለሙያ ወደ ሰፈራችን መጥታ ስለ በቆሎ አቀማመጥ ትናገር ነበር። እህቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ባለሙያዋ ስለ ነቀዝ ክኒን ተናገረች። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ነቀዙንም ሰውንም አይለይም። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ በስስ ግድግዳ አጠገብም ቢሆን፣ አይደረግም። ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ ደረት ይይዛል፣ ይገድላልም። ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለው። «በዚያ ላይ» አለች፣ «ሬዲዮና ስልካችሁን ያበላሻል፤ መዳብን ያጠቁራል።»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እህቴ «ምን ሆንሽ እማዋይሽ?» ብላ በስሜ ስትጣራ ወደ ቤት ሮጥኩ። ፓምፑን አምጥቼ ለባለሙያዋ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይህ የት ነበር?»

«በቆሎ ያለበት ጓዳ። አየር ይስብ ነበር።»

«ወደ የት ነው የሚስበው?»

ነገርኳት። ፓምፑን መሬት አስቀመጠች። «እማማ፣ ከግድግዳው ወዲያስ ሰው ነበር?» አለችኝ። በዚያ ነገር ላይ ያንን ጥያቄ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች።

በማግስቱ ቡሬ ወረድኩ። አቶ ሙላት ሳሎኑ ውስጥ ነበር፤ ሳጥኑ በነበረበት ትልቅ ቴሌቪዥን ቆሟል። የፓምፑን ጥቁር ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት።

«ጓዳው ውስጥ የነቀዝ ክኒን አድርገው ነበር?»

ሽቦውን አየ፣ እኔን አየ። ይክዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

«አድርጌአለሁ» አለ። «እህሉ የሽርክና ነው፣ ነቀዝ ጀምሮት ነበር። ምን ላድርግ?»

«ኮራሎቹ ሲሞቱ ምክንያቱ ገብቶዎት ነበር?»

«ሁለተኛውን ፓምፕ ሳስገባ ገባኝ። ሽታው ከባድ ነበር።»

«ታዲያ እያወቁ ፓምፑን ሰኩት?»

«አንቺ ስኩ አልሽ።» እጁን ዘረጋ። «ክኒን ሳሎን ጀርባ አድርጌ ነበር ብዬ ልናገር? ወሬው ቢወጣ ማን እህሌን ይገዛል?»

«እናኑስ? እዚያው ነበር የምትተኛው። ጋኔን መታት ሲባል እየሰሙ ዝም አሉ።»

«እኔ ጋኔን ነው አልኩ?» አለኝ። «ሰዉ አለ። ሰዉ ያለውን እኔ ምን አገባኝ? ደግሞስ ልጅቷ አልሞተች፣ ቤቷ ገብታለች።»

«አንተ» አልኩት፣ «ጋቢህን አፍንጫህ ላይ አድርገህ ነው የገባኸው።»

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ስለ መርዙ ሲናገር ያልተለወጠው ፊት። «አንተ አልሽኝ?» አለ። «እኔን ነው አንተ ያልሽው?» ደጋግሞ ያንኑ ይጠይቀኝ ነበር፤ ሽቦዬን ይዤ ደጁን ስወጣ እንኳ ለበረኛው «ሰማሃት? አንተ አለችኝ» ይል ነበር።

የሽንዲ ገበያ ቀን ጠብቄ ከገበያተኛ ጋር በአይሱዙ ሄድኩ። የእናኑ እናት እማማ ደብሬ ግቢ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከበታቹ ወንዝ ያለው ነው። እናኑ ከስታለች። ከቤቱ ጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ስታየኝ ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ነጠላዬ ላይ ነው። ሆን ብዬ ነጭ ለብሼ ነበር የሄድኩት።

«እንደምን ከረማችሁ» ተባባልን። እማማ ደብሬ ጠላ ቀዱልኝ። «ውኃ እንኳ የሚቀዳልኝ የጎረቤት ልጅ ነው» አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «እሷን ወደ ወንዝ አናስጠጋትም። የባሕሩ ነገር ውኃ ባየ ቁጥር ይጠራታል አሉን። ቀትር ላይማ ከደጅም አትወጣ። ሊያገባት የጠየቀን ሰው ነበር፣ ይህን ሰምቶ ቀረ።»

ጠበል ያመላልሷት እንደነበርም ነገሩኝ። በጠበሉ አልተናደድኩም፤ ለታመመ ሰው ያላቸውን ነው ያደረጉት። የተናደድኩት እዚያ ይዘዋት በሄዱበት ታሪክ ነው፤ ቡሬ ላይ አንድ ሰው በዝምታው ሰፍቶ ባለበሳት ታሪክ።

ሽቦውን አወጣሁ። ጓዳውን፣ ክኒኑን፣ ቱቦውን፣ ኮምፔንሳቶውን አንድ በአንድ፣ ፎቶ አጠባ እንደማስተምር ሰው ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። እማማ ደብሬ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሰሙ። እናኑ ቢላውን አስቀመጠች።

«በውኃው ውስጥ ምንም አልነበረም?» አለች።

«ምንም። ከአየሩ ነው የመጣው። አንቺም እነሱም የሳባችሁት አንድ አየር ነው።»

«ጨባጭ?»

«እሷም በዚያው ነው የሞተች።»

አንገቷን ደፋች። «እኔ የገደልኳት መስሎኝ ነበር እታለም። ልብስ ሳጥብ ውዬ፣ ሳሙና ያለበት እጄን አንድ ቀን ነክሬባት ነበር። ለርስዎ መንገር ፈራሁ። የባሕሩ ነገር ለሷ ሲል ነው የመታኝ ብዬ…»

«እኔ ደግሞ ቁልፎቹ የጎዱሽ መስሎኝ» አልኳት።

ተያየን። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ፣ እሷ ሽንዲ እኔ ፍኖተ ሰላም ተቀምጠን፣ የሰውየውን ሸክም ለሁለት ተካፍለን ተሸክመንለታል።

«አቶ ሙላት ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቅ ነበር።»

«እዚያ መተኛቴንም?»

«እሱንም።»

እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ተነሥታ ከበሩ ኋላ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ውኃ ልቀዳ።»

«ልጄ፣ ቀትር እኮ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ነው።»

«አየሁት» አለች፤ ወጣች።

እማማ ደብሬ ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። በበሩ ቁልቁል የምትወርደው ጀርባዋ ታየን፤ ከዚያ ቁጥቋጦው ሸፈናት። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ጀሪካኑ ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ቤቱ ደረሰ። መጀመሪያ ወፍራም ነበር፣ እየሞላ ሲሄድ ቀጠነ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብን። እናትየው ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቁ።

ኋላ ከቁጥቋጦው በላይ ራሷ ብቅ አለ፤ ጀሪካኑን አዝላ፣ አጎንብሳ፣ በቀትሩ ፀሐይ ሽቅብ ትመጣ ነበር።